ልዩ ልዩ ውስጥ የገባው ሁሉ

መሥሪያ ቤቱ ከወረቀት ነፃ እንዲሆን መወሰኑን የሚያበስረው ደብዳቤ ለየክፍሉ በሦስት በሦስት ኮፒ ተባዝቶ ደረሰ። መዝገብ ያዧ ድርሻዋን ፈርማ ተቀበለች፤ አንዱን ኮፒ ፋይል አደረገችው፤ የቀሩትን ምን እንደምታደርጋቸው ግራ ቢገባት መሳቢያ ውስጥ ወረወረቻቸው። ከዚያ ተቀምጣ መደርደሪያዎቹን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካቻቸው። ከወለል እስከ ጣሪያ የቤት ማህደር ነው። የከተማው ቤት ሁሉ፣ የቆመውም የፈረሰውም፣ ውሉና ማመልከቻው፣ የወንድማማቾች ክርክሩና እርቁ በክር ታስሮ እዚያ ተደርድሯል። ይህ ሁሉ ቅጠል በቅጠል በስካነር አልፎ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው። ገና ሳይጀመር ደከማት።

ደብዳቤውን ግን አልጠላችውም። ኃላፊዋ ቢሮዋ አስጠርታ፣ ሥራው ሲጠናቀቅ መዝገብ ቤቱ እንደሚዘጋ፣ እሷም ስትለምነው ወደኖረችው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት እንደምትዛወር አፏን ሞልታ ነግራታለች። ቅርንጫፉ ከመዝገብ ያዧ ቤት ሁለት መታጠፊያ ቢሆን ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው በምሳ ሰዓት ቤቱ ደርሶ መመለስ ይችላል። እሷም በዚያን ሰሞን ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዕድሜ ልኩን መሪ ሲያሽከረክር የኖረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ቢል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና አብዛኛው ቃሉ ግን እንደሄዱ ቀሩ። ሐኪሙ ጉሮሮው እስኪጠና ድረስ ለስለስ ያለና ሞቅ ያለ ነገር ብቻ ይውሰድ ስላለ፣ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ሾርባውን ሙቀት በሚይዝ ምሳ ዕቃ ትሞላና ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ አዙራ ከወንበሩ አጠገብ አስቀምጣለት ትወጣለች። አንድ እጅ ብቻ የቀረው ሰው ያንን ክዳን አይከፍተውም። አላልታ ብትተወው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ በስልክ "አባዬ እንዴት ዋለ" ከማለት በቀር የሚያደርጉት የለም። ስለዚህ ጎረቤታቸው በምሳ ሰዓት ብቅ ብላ እንድትከፍትለት አደራ ተብላለች። ደግ ሴት ናት፤ ግን የራሷ ጣጣ አላትና ብቅ የምትልበትም፣ ጭራሽ የምትረሳበትም ቀን አለ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ከእሷ ጋር የሚሠራው ሰው ጥይት ይባላል። ስሙን ያወጡለት ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ጋ እስኪደርስ የሚፈጅበትን ጊዜ አይተው ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጡረታውን እንደ ሠርግ ቀን የሚጠባበቅ ሰው ነው። ሥራው ሲጀመር እሷ ክሩን ትፈታለች፣ ስፒሉንና ስቴፕሉን ትነቅላለች፣ የተጣጠፈውን ጠርዝ በመዳፏ ታቃናለች፤ እሱ ስካነሩን ያጎርሳል። ስካነሩ ወረቀቱን ውጥ ያደርገዋል። አንዳንዴ ያንቀውና ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሆዱን ከፍተው የተጨማደደውን ቅጠል እየተጠነቀቁ ይጎትታሉ። አቧራው ጉሮሮ ይቧጥጣል። የእሷ ጣቶች በስፒል ተወጋግተው ማታ ሽንኩርት ስትነካ እንደ እሳት ያቃጥሏታል።

ያም ሆኖ ማጉረሱ ቀላሉ ነበር፤ መከራው ስም መስጠቱ ነው። ሶፍትዌሩን ያመጣው ባለሙያ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለሁሉም ትዕግሥት ያለው ወጣት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ወንበር ስቦ አስረድቷታል። ማሽኑ ወረቀቱን ያየዋል እንጂ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰነድ ውል ይሁን ማመልከቻ፣ ውሳኔ ይሁን ደረሰኝ ከዝርዝሩ ተመርጦ፣ የባለቤቱ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የቤቱ ቁጥር፣ ቀኑ መሞላት አለበት። አንዱ ሳጥን ባዶ ከቀረ በቀይ ይጮኻል፤ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። አንድን ወፍራም ማህደር በዚህ ዓይነት ስም ሰጥቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ግን "ልዩ ልዩ" የምትል ምርጫ ነበረች። እሷን የመረጠ ሰው ምንም አይጠየቅም። ወረቀቱ ያለ ስም፣ ያለ ቁጥር ሰተት ብሎ ይገባል። ባለሙያው ይህቺን ቀዳዳ ሊተው አልፈለገም ነበር፤ ድርቅ ያለው የመሥሪያ ቤቱ አጥኚ ኮሚቴ ነው። ልዩ ልዩ የሌለው መዝገብ ቤት የት አገር ታይቶ ያውቃል ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ቤት በየመደርደሪያው ወፍራሙ ፋይል ምንጊዜም ልዩ ልዩ ነው። ባለሙያው ተሸንፎ አስገባላቸው። አልፎ አልፎ ለሚያጋጥም ነገር ብቻ እንዲሆን ግን መዝገብ ያዧንና ጥይትን ለየብቻ ለመናቸው።

መጀመሪያ የነካት ጥይት ነው። ቀለሙ ጠፍቶ ጥላ ብቻ የቀረ ማመልከቻ ቢያጋጥመው መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አጥልቆ፣ "ይሄ እንኳ አንድዬ ራሱ ቢመጣ ልዩ ልዩ ነው" አለና ተጫነው። እሷ ፊቷን አጨማድዳ ስፒል ወደ መንቀሏ ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ ይዞ አገኘችው። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው። ጎረቤታቸው ገበያ ወጥታ ረስታዋለች። በጥርሱ ሊያዞረው ሞክሮ ኖሮ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ደሙን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገችለት፣ ይህ ሥራ ቶሎ ማለቅ አለበት አለች በልቧ። በነጋታው፣ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ የሚነበብ፣ ባለቤቱ ከነአያቱ የተጻፈበት ውል እጇ ላይ ይዛ ልዩ ልዩን ተጫነች።

ከዚያ በኋላ ጥይት እንደ ስሙ ሆነ። ማህደር ሙሉውን ያጎርሳል፣ ልዩ ልዩ፣ ይቀጥላል። እሷም አጠገቡ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ይዛ እንደዚያው። በቀን አንድ ሁለቱን እንደ ደንቡ ስም ይሰጡታል፤ ለዓይን ያህል ነው። ሥራው የት እንደደረሰ እንዲያሳይ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ስክሪን የሚቆጥረው ገጽ ብቻ ስለሆነ አረንጓዴው መስመር በየቀኑ ወደፊት ይገፋል። ኃላፊዋ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ቆም ብላ ታየዋለች። ለበላይ አካል ስትናገርም እነዚህ ሁለት አንጋፋ ሠራተኞች አሳፈሩን እኮ አለች አሉ፤ ሌላው ክፍል ገና ግማሽ አልደረሰም ነበር።

ማታ ማታ ባሏ ይጠብቃታል። ከቀሩት ጥቂት ቃላት አንዷን ለዚህ ጉዳይ ለይቶ አስቀምጧታል።

"አለቀ?" ይላታል ገና በሩን ስትከፍት።

"ሊያልቅ ነው" ትለዋለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ምሳ ዕቃው ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ተከፍቶ ተበልቷል፤ አንዳንድ ቀን እንደተዘጋ ነው። የተዘጋበት ቀን በነጋታው ሥራዋ ይፈጥናል።

የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲል አረንጓዴው መስመር ጫፍ ደረሰ። መቶ በመቶ። ኃላፊዋ ወደ በላይ ሪፖርት አደረገች፤ ተጨበጨበ። ወረቀቱ በየመደርደሪያው በጆንያ ታጭቆ ምድር ቤት ወረደ። ዓርብ ዕለት ወረቀት ፈጭቶ ካርቶን የሚያደርግ ፋብሪካ መኪና ልኮ ሊወስደው ቀጠሮ ተያዘ። የመዝገብ ያዧ የዝውውር ደብዳቤ ተተይቦ በኃላፊዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መኪናው ሄዶ የምድር ቤቱ ቁልፍ ሲመለስ ይፈረማል ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ባለጉዳይ መጣ። መስታወት ቆራጭ ነው፤ ጣቶቹ ሁሉ በፕላስተር የተጠቀለሉ። እናቱ ካረፉ ገና መንፈቅ አልሞላቸውም። ወንድምና እህት ተስማምተው ቤቱ እናታቸውን ስታስታምም በኖረችው በታናሽ እህቱ ስም እንዲዞር ወስነዋል። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ደግሞ የመጀመሪያውን ውል ኮፒ ከመዝገብ ቤት አምጡ ብሏቸዋል። ሰውየው ምንም ጣጣ የሌለበት ጉዳይ መሆኑን እያስረዳ ፈገግ አለ። መዝገብ ያዧ የእናቱን ስም ጻፈች። የለም። የቤቱን ቁጥር ጻፈች። የለም። ልዩ ልዩን ከፈተችው፤ ስክሪኑ በጥቃቅን ግራጫ ወረቀቶች ተሞላ፤ ወደታች ብትለው፣ ብትለው ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ሲስተሙ ትንሽ አስቸግሯል፣ ነገ ይመለሱ አለችው። አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው።

ሐሙስ ከታናሽ እህቱ ጋር መጣ። መዝገብ ያዧ ከጠዋት ጀምራ ግራጫዎቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ እየከፈተች ስትዘጋ ዓይኗ ደም መስሏል፤ አላገኘችውም። ቀና ብላ በመስኮቱ ስታይ እህቲቱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ጣል አድርጋ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ እንቅልፍ ወስዷታል። ያንን እንቅልፍ ታውቀዋለች። አስታማሚ የሚተኛው እንቅልፍ ነው፤ የታመመው ሰው ከሄደም በኋላ ወራት ሙሉ ሰውን ባገኘው ቦታ ይጥለዋል። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ እንዲህ ተኝታ ፌርማታዋን አልፋለች።

ቁልፉን አንስታ ምድር ቤት ወረደች። ጆንያዎቹ ላይ የመደርደሪያው ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ ማህደሮቹም ከነክራቸው፣ ከነቅደም ተከተላቸው ናቸው። የእነሱን ሰፈር ጆንያ ፈታች፤ ብዙም ሳትለፋ ውሉ እጇ ገባ። ፎቶ ኮፒ አድርጋ ሰጠቻቸው። መስታወት ቆራጩ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት፣ እህቱን በትከሻዋ ነካ አድርጎ ቀሰቀሳት፣ ሄዱ።

መዝገብ ያዧ ውሉን ልትመልስ ተመልሳ ወረደችና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ የሚያውቁ አሁን እነዚህ ጆንያዎች ብቻ ናቸው። ነገ ይፈጫሉ። ከነገ ወዲያ የሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ውልህ እዚህ ውስጥ አለ፣ ግን ላገኝልህ አልችልም ይባላል።

ጥይት እያለከለከ ደረጃውን ወርዶ አጠገቧ ቆመ። ያሰበችውን ገና ከፊቷ አነበበው።

"ጠፋ እኮ አይባልም" አላት። "ውስጥ ነው ያለው።"

"ካላወጣሁት ውስጥ ቢሆን ምን ይሠራልኛል?"

ጥይት ግንባሩን ጠረገ። ለማንም ካልተነፈሰች ማን እንደሚያውቅ ጠየቃት፤ እሱ ጡረታው ጫፍ ላይ ነው፤ ከሄዱ በኋላ የሚመጣ ሰው የራሱን መላ ይፈልጋል፤ ኮሚቴው ራሱ አይደል እንዴ ልዩ ልዩን ያስገባው። ይህ ሁሉ አልነካትም። በመጨረሻ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሰው ቤት አንቺን ምን አገባሽ፣ እህቴ? ቤትሽ የተቀመጠውን ሰው አስቢ" አላት። ይኼኛው ልቧ ላይ ተሰካ። የምታስበው እኮ እሱን ብቻ ነው፤ እዚህ ያደረሳትም ይኸው ነው። ብትናገር ምሳ ዕቃው እንደተዘጋ ይቀራል። ለስንት ጊዜ እንደሆነም አታውቅም።

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ደረጃውን ወጣች።

ኃላፊዋ ዘንድ ገብታ ሳትቀመጥ፣ ሳታሳምር ተናገረች። መኪናው እንዳይመጣ አለች፤ አብዛኛው ሰነድ ስም የለውም አለች፤ እያወቅን ነው ያደረግነው አለች። መቶ በመቶ ብላ የፈረመችው ኃላፊዋ ናትና ፊቷ አመድ መሰለ። ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ልዩ ልዩን አየ፣ ወደታች አለ፣ አሁንም ወደታች አለ፣ ከዚያ ዓይኖቹን በመዳፉ ሸፈነ። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች።

"ወረቀቱ አለ፣ እናቴ?" አላት።

"አለ።"

"እንግዲያው እንደገና ስም እንሰጠዋለን" አለ። ድምፁ ግን የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

ኃላፊዋ ስልክ አንስታ መኪናውን አስቀረች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ የዝውውር ደብዳቤውን አወጣችና ፊት ለፊቷ ዘርግታ ትንሽ አየችው። ቅርንጫፉ ሰው በአስቸኳይ ይፈልጋል፤ ሥራው እንደገና እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ለሌላ ሰው መስጠቷ የግድ ነው። የባለቤትዎን ነገር አውቃለሁ፣ ግን እጄ ታስሯል አለቻት። ማስጠንቀቂያም እንደሚጻፍባት ነገረቻት። በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳና ጥይት ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ብቅ አለ። ከምድር ቤት ከተነሳ ጀምሮ መንገድ ላይ ነበር።

"የጀመርኩት እኔ ነኝ" አለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። "እሷ ላይ ብቻ እንዳይጻፍ።"

ማስጠንቀቂያው በዚያው ዕለት ደረሳቸው፤ ለእያንዳንዳቸው በሦስት ኮፒ።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልጨለመም። አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ ልዋሸው ስትል ነው የመጣችው። በሩን ከፈተች። ባሏ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነው፤ ምሳ ዕቃው አጠገቡ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ።

"አለቀ?" አላት።

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መዋሸቱም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱን ከየት ታምጣው። "አላለቀም" አለችው። ከዚያ ሁሉንም ዘከዘከችው፤ ልዩ ልዩን፣ አረንጓዴውን መስመር፣ የተኛችውን ሴት፣ ቅርንጫፉ ለሌላ ሰው መሰጠቱን። "ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው። በምሳ ሰዓት አልመጣልህም። በቃ፣ አልመጣም" አለችና ዓይኗን ምሳ ዕቃው ላይ ተከለች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባውም ሰነፈባት።

ባሏ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ግራ እጁን ሰዶ ምሳ ዕቃውን አነሳ፣ በሁለት ጉልበቶቹ መካከል ከተተው፣ ጭኑን ገጠም አድርጎ ጨመቀው፣ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን በግራ መዳፉ አፈነና ዞር አደረገው። አውቶቡስ ሲነዳ መሪውን በአንድ መዳፍ እንደሚያዞረው ነው ያዞረው። ክዳኑ ተነሳ። ለብ ያለ የሾርባ ሽታ ክፍሉ ውስጥ ወጣ።

አፏን ይዛ ቀረች። መጀመሪያ ደስታ ሽው አለባት፤ ወዲያው ግን የተዘጉት ቀኖች አንድ በአንድ ትዝ አሏት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትከፍተው?"

"ቆየ።"

"እሷ ሳትመጣ በቀረች ጊዜ ተርበህ ነው የምትውለው? እየቻልክ?"

አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

"ለምን?"

ቃሎቹን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደበት።

"ከቻልኩ" አለ፣ "አትመጪም።"

ንዴት ደረቷ ላይ ወጣ። አንተ ጦምህን ዋልክ እያልኩ አይደል እንዴ የሰውን ቤት ሁሉ ልዩ ልዩ ውስጥ ያጎርኩት ልትለው አፏን ከፈተች። ግን ሰውየውን አየችው። ቀኑን ሙሉ እዚያ መስኮት ሥር፣ የተዘጋ ምሳ ዕቃ አጠገቡ አድርጎ፣ ሊበላ እየቻለ እሷን የሚጠብቅ ሰው። አፏን ገጠመችው። ተነስታ ማንኪያ አመጣችና አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለራሷ ይዛ ወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሾርባው ቀዝቅዟል ለማለት ትንሽ ቀርቶታል። እንደዚያው በሉት።

በማግሥቱ መኪናው የሚመጣበት ዓርብ ነበር፤ አልመጣም። ጥይት የመጀመሪያውን ጆንያ ከምድር ቤት አውጥቶ መሬት ለመሬት እየጎተተ አመጣው። ባለሙያው ከዝርዝሩ ላይ ልዩ ልዩን አጥፍቶት ነበር። መዝገብ ያዧ የመጀመሪያውን ማህደር ክር ፈታች፣ የባለቤቱን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፈች፣ የቤቱን ቁጥር ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና ሦስተኛው ማህደር ላይ ነበረች። ጥይት ሊበላ ወጣ። እሷ ስልኳን አንስታ ቤት ደወለች።

ብዙ ጠራ። በመጨረሻ ተነሳና ትንፋሹ ተሰማት። ቀጥሎም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ክዳኑ ፍጭት ብሎ ሲዞር ሰማች።

"አለቀ?" አላት።

"ገና ነው" አለችው። የራሷን ምሳ ዕቃ ከቦርሳዋ አውጥታ ወረቀቶቹን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። "ብላ። እዚሁ ነኝ።"